ከበሩ ወገን እንጀምር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወረታ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ጋሼ ስማቸው፣ ያን የመሰለ ለጥ ያለ ቦታ ቀርቦልህ ሳለ ምን ነክቶህ ነው ድንጋዩ ላይ ወጥተህ ቤት የምትሠራው?» ይለኛል። መልሱ አጭር አይደለም። እኔም አጭር መልስ አላውቅም፤ ባለቤቴ ሰብለ «የአንተ አጭር ወሬ አንድ ብርጭቆ ሻይ ታቀዘቅዛለች» ትለኛለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና የጠየቀኝ ሁሉ ያንብበው አልኩ። ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ሳይሆን ከላም ነው።

እኔ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። የሥራ ዘመኔ ከፎገራ ሜዳ ወጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ ይፋግ ተመደብኩ፤ በገበያ ቀን ዛፍ ሥር ቆሜ ስለ ምርጥ ዘር ሳወራ የሚሰማኝ ጥላውን ፈልጎ የመጣው ብቻ ነበር። ቀጥሎ ወደ ቁሐር ሚካኤል በኩል ተዛወርኩ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ «ባለሙያው» ከተባለ እኔ ነኝ። ደመወዙ ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ሪፖርቱ ግን አልቆ አያውቅም። ስለ ሁለቱም ይኼ ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ የወረታው አለቃዬ ጋሼ ታከለ ናቸው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝና፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይወርዱና ሲመለሱ «ውኃውስ ደግ ነው፤ ጉልበቴ ነው አልሰማ ያለው» ይላሉ። ሩዝ ደርቋል ወይስ አልደረቀም ብሎ የሚጠይቃቸው ገበሬ ሲመጣ አንዲት ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ቀጭ ካለች ጎተራ ይግባ፤ ተጨፍልቃ ጥርስ ላይ ከተጣበቀች ወደ ፀሐይ ይመለስ። ወንዝ ሲሞላም የውኃው ጠርዝ ላይ ችካል ይተክሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ «እየሞላ ነው እኮ፣ ይታያል» ስላቸው «አንተ የምታየው ውኃውን ነው፤ እኔ የማየው ችካሉን ነው» ይሉኛል።

ሁለት አመል ደግሞ ነበራቸው። አንደኛው፣ ስብሰባ ሲገቡ አንዲት የሩዝ አገዳ መዘው ይነክሳሉ፤ ሰው ሁሉ ተናግሮ ሳይጨርስ ከአፋቸው አትወጣም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለአፌ ሥራ ካልሰጠሁት የሰው ሥራ ይቀማል» አሉኝ። ሁለተኛው ከዚያ የባሰ ነበር። በእኛ አገር ሰው ቤት ሲሰበሰብ ትልልቁ ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ መደቡ ላይ ይቀመጣል። ድኻው፣ ወጣቱ፣ ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያየው፣ በሩ ጋ ይቀራል። ንግግሩም ከመደቡ ይጀምርና በሩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ጋሼ ታከለ ግን «ከበሩ ወገን እንጀምር» ይሉ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቅር ይላቸዋል። እኔም በልቤ የሽማግሌ ክብር የማያውቁ ሰው ናቸው እል ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም።

አንድ ዓመት በጋ ላይ ወረታ ሥልጠና ገባን፤ በቡድን ስለ መሥራት። አዳራሹ ግድግዳ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ተለጥፏል። ስለ አንበሳ ሊነግሩን ነው ብዬ ስስቅ አሠልጣኙ ወረቀት አደለ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ጎርፍ መንደራችሁን ከበባት፤ ያለችው አንዲት ታንኳ ናት፤ ከእነዚህ አሥራ ሁለት ዕቃዎች የትኛውን አስቀድማችሁ ትጭናላችሁ? መጀመሪያ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ፣ ማንም ሳያያችሁ፣ በተራ ጻፉ። ቀጥሎ በቡድን ሆናችሁ ተመካክራችሁ አንድ መልስ አምጡ።

እኔ ሬዲዮን አንደኛ አደረግሁ። ወሬ ካልሰማን ምን እናውቃለን ብዬ ነው። ቡድናችን አምስት ሰው ነበር፤ አንዷ የመዝገብ ቤቷ ሰብለ ናት፤ ያን ጊዜ ስሟን እንኳን በቅጡ አላውቀውም ነበር። እንደተቀመጥን እኔ ጀመርኩ፣ እኔው ቀጠልኩ፣ እኔው ጨረስኩ። አንዱ ስለ ገመድ ምን ትላላችሁ ሲል ገመድ በየቤቱ ሞልቷል ብዬ ዘጋሁት። ከቡድኖቹ ሁሉ ቀድመን ጨርሰን ስንቀመጥ ኩራቴ አይጣል ነው።

ከዚያ አሠልጣኙ ጎርፍ ውስጥ የኖሩ ሰዎች የሰጡትን ትክክለኛውን ተራ ነገረን። ተርታችን መጨረሻ ወጣ። ይኼም ባልከፋ፤ ለየብቻ የጻፍነውንም ሰበሰበና «ከዚህ ቡድን አንድ ሰው ብቻዋን ከቡድኗ ሁሉ በልጣለች» አለ። የሰብለ ወረቀት ነበር። ጣና ዳር ያደገች ልጅ ናት፤ ገመድን አንደኛ አድርጋለች። አሠልጣኙ ታዲያ ይህን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ቢላት አንገቷን ሰበር አድርጋ «እሱ እርግጠኛ ነበር» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። መልሱ ስሕተት ነው፣ ጨዋታ ነው፣ የወረቀት ጎርፍ ሰው አያሰጥምም ብዬ ተከራከርኩ። ጋሼ ታከለ ከኋላ ወንበር ሆነው አገዳቸውን እንደነከሱ ያዩኛል። ከአዳራሹ ስንወጣ ልጅቱን ተከትዬ የገመዱን ነገር አስረጂኝ ብዬ ሻይ ቤት አስገባኋት። በዓመቱ ተጋባን። እንግዲህ ከዚያ ሥልጠና ያተረፍኩት ሚስት ነው፤ ትምህርቱን ግን እዚያው ወንበር ላይ ጥዬው ነው የወጣሁት።

ሥልጠናውን የወሰድንበት ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ወዳለች አንዲት ጎጥ መጠጋት ጀመረ። ከብቱን ወዴት እናሽሽ ተባለና አያ ሙጨ ቤት ተሰበሰብን። አያ ሙጨ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቃሉ የሚሰማ ገበሬ ነው። ሚስቱ ቀድማ ሞታበት ሁለት ልጆች ብቻውን ያሳድጋል፤ ልጆቹን ያቆመለት የአንዲት ላም ወተት ነው። ላሟ ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ጉሬዛ ይላታል። ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ለመውለድ ተቃርባ ነበር።

መሸሻው ሁለት ነው። አንዱ ከጎጡ ጀርባ ያለው ጉብታ፤ ቅርብ ነው፣ ሣር አለው። ሌላው ከመንገዱ ማዶ ያለው ድንጋያማ ዳገት፤ ሩቅ ነው፣ ሣር የለውም፣ ገለባ ተሸክሞ መውጣት ይጠይቃል። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ባለሙያ አይደለሁ! ጉብታውን በዓይኔ ለክቼዋለሁ። ማንም ሳይናገር «ጉብታው ነው የሚሻለው» አልኩ።

አያ ሙጨ አገጩን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «አንቱ ካሉ እሺ ነው» አለ። ከአጠገቡ ያለው እሺ አለ። እሺታው እንደ ጠላ ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እሺ ያላለችው በሩ ላይ የቆመችው እትዬ አንጓች ብቻ ናት፤ እሷን የጠየቃትም የለም። እትዬ አንጓች ሸክላ ሠሪ ናት። ያሳፍራል፣ ግን እጽፈዋለሁ፦ በዚያ ዘመን የእሷ ድስት በየቤቱ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እሷን ግን ግቢ የሚላት አልነበረም። ለአንዲት ፍየሏ ብላ መጥታ፣ ዝናቡ ጀርባዋን እየመታት ቆማ ሰማችን። አንዴ ዓይን ለዓይን ተገናኘን። ልትናገር ያሰበች መሰለኝ። «በሉ ሥራ እንጀምር» ብዬ ተነሣሁ።

ሁለት ቀን ደኅና ነበር፤ ጥሩ ሪፖርትም ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ውኃው በፊት ለፊት ሳይሆን በጀርባ ዞሮ መጣና ጉብታውን ከበበው። ሣሩ አለቀ። በታንኳ ያሻገርናት ገለባ ለማንም አልበቃች። የራባቸው ከብቶች ወደ ጉብታው እግር ወረዱ፤ እዚያ ያለው አፈር ደግሞ አንዴ ከራሰ የያዘውን የማይለቅ ጭቃ ነው። ጎጡ በሙሉ ገመድ ይዞ ወጣ። አዎ፣ ገመድ። ሌሎቹን አንድ በአንድ እየጎተትን አወጣን። ጉሬዛ ከበደችን። እስከ ሆዷ ገብታ ቀረች።

አያ ሙጨ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ ራሷን አቀፈ። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ይላታል። እኔ የገመዱን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ከቀትር በኋላ ሞተች። ገመዱን ከአንገቷ ፈታ፣ በጎርፉ ውኃ አጠበው፣ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና ቀና ብሎ ሳያየኝ ወደ ልጆቹ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያ «አይዞሽ» ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ አለቅሳለሁም፣ ምን ይደበቃል?

በማግሥቱ የማያውቅ ሰው ጠፋ። አንዱ ድሮም ጠርጥሬ ነበር ይላል፤ ሌላው አያቴ ስለዚያ ጉብታ የነገሩኝ አለ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው ብዬ በገንኩ። በሰዎቹ ላይ ተቆጥቼ እንዳለሁ ጋሼ ታከለ ያን የታመመ ጉልበት ይዘው በጭቃ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጠየቁኝ።

«መጀመሪያ የተናገረ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀጥሎስ?»

«ሁሉም እሺ አሉ።»

«በሩ ጋ ያሉትም?»

«እትዬ አንጓች በሩ ላይ ነበረች፤ እሷን ማንም አልጠየቃት» አልኩ። አገዳቸውን ከአፋቸው አወጡና «ያን የወረታውን ጨዋታ ታስታውሳለህ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እጄን ይዘው ወደ እትዬ አንጓች ቤት ወሰዱኝ።

እትዬ አንጓች ጭቃ እያሸች ነበር። ጋሼ ታከለ ስለ ጎርፉ አልጠየቋትም፤ ጭቃውን ከየት እንደምታመጣው ጠየቋት። እጇን ሳትታጠብ ተነሥታ አሳየችን። ለሸክላ የሚሆነው ልሙ አፈር ውኃ ሄዶ ሄዶ ከሚተኛበት እንጂ ከሌላ አይገኝም፤ የምትቆፍረው ደግሞ ከዚያ ጉብታ እግር ሥር ዙሪያውን ነው። ወንዙ ድሮ በዚያ ይሄድ እንደነበር፣ ሲሞላ ደግሞ የድሮ መንገዱን እንደማይረሳ በእጇ ታውቀዋለች። «ጭቃዬን ከየት እንደማመጣ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለች። በወቀሳ አልነበረም ያለችው። እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ።

ከዚያ ወደ አያ ሙጨ ሄድኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ። ብዙ አላወራንም። እንዲህ ብቻ አለኝ፦

«አባቴ ያን ጉብታ ከብት አታውጣበት ይለኝ ነበር። አውቄ ነው እሺ ያልኩት። በሰው ፊት አንቱን ላሳፍር? ላሜን የገደላት የአንቱ ቃል ብቻ አይደለም፤ የእኔም እሺታ ነው።»

እስቲ ፍረዱ። አንዷ ታውቃለች፣ አልተጠየቀችም። አንዱ ያውቃል፣ እንግዳ እንዳያፍር ብሎ ዋጠው። የማያውቀው አንድ እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም እኔ። ጎርፍ ሳይሆን ይሉኝታ ነው ያችን ላም የበላት።

መስቀል አልፎ ሜዳው ሲጠነክር ጋሼ ታከለ ጨዋታውን እዚያችው ጎጥ ውስጥ ደገሙት። ወረቀት የለም፤ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው። ገመዱን፣ መጥረቢያውን፣ ጨውን፣ የዘር ሩዙን፣ የእኔንም ሬዲዮ ሳይቀር ቁርበት ላይ ደረደሩና በእያንዳንዱ ፊት አፏ ጠባብ የሆነች አንዲት ምንቸት አስቀመጡ። ምንቸቶቹ የእትዬ አንጓች ናቸው። ለሰው ሁሉ ሦስት ሦስት የባቄላ ፍሬ ታደለ፤ ሁሉም በተራው እየዞረ እጁን በየምንቸቱ ይከታል፤ የት እንደጣለው ግን አይታይም። ሽማግሌውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ባለሙያውም ፍሬያቸው እኩል ነው። ማንም ማንንም አያሳፍርም።

ምንቸቶቹ ሲገለበጡ ከሬዲዮው አንዲት ባቄላ ወደቀች። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔም እንደሌላው ሳቅሁ፤ ካዘንኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ከዚያ ነው ንግግሩ የተጀመረው፣ ከበሩ ወገን። እትዬ አንጓች ስለ ገመድ ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለ አፈር ስትናገር ግን አልተንቀጠቀጠም።

በተከታዩ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከብቱን ወደ ድንጋያማው ዳገት አወጣን፤ ገለባውን ሁላችንም ተሸከምን። አንድም አልጠፋም። በዚያ ስብሰባ አያ ሙጨ ብድግ ብሎ እትዬ አንጓችን ግቢ፣ መደቡ ላይ ተቀመጪ አላት። እሷም ገባች፣ ተቀመጠች፣ ጥቂት ቆየችና ተመልሳ ወደ በሩ ሄደች። ምነው ብንላት «ከበር አይደል እንዴ የሚጀመረው? ተራዬ እንዳይርቅብኝ ነው» አለችን። ጋሼ ታከለ አገዳቸው ከአፋቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እሳቸው ካለፉ በኋላ ስብሰባ በገባሁ ቁጥር አገዳ የምነክሰው እኔ ሆንኩ።

እንግዲህ ወደ ቤቱ። ጡረታዬ ሲቃረብ በማኅበር ተደራጅተን ወረታ ዳር ቦታ ተመራን። ዕጣዬ ቀድሞ ወጣና ምርጫ ደረሰኝ፤ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ለጥ ያለ ጥቁር አፈር፣ ወይም ከበላዩ ያለው ድንጋያማ ተዳፋት። ለጡረተኛ ምን ዳገት ያስፈልገዋል? ሜዳውን መረጥኩ። ለሰብለ ነገርኳት፤ «አንተ ካልክ» አለችኝ። በቃ፣ ሰኞ ልፈርም ነው።

እሑድ ዕለት ያቺ ጎጥ በአያ ሙጨ ግቢ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ሸኘችኝ። ሰብለም አብራኝ ሄደች። ስለ አዲሱ ቤቴ፣ ስለ ጓሮው፣ ስለምተክለው ጌሾ ሁሉ አወራሁላቸው። ሁለቱንም ቦታ ያውቋቸዋል፤ ወረታ ገበያ የሚመላለሱት በዚያው በኩል ነው። ፊታቸው ጠቆር ሲል መለያየቱ ከብዷቸው ነው ብዬ አዘንኩ። ደስ ላሰኛቸው ብዬ «እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ባቄላውን እንጫወት፤ ቤቴን የት ልሥራ?» አልኩ። እትዬ አንጓች፣ አሁን ጠጉሯ ጥጥ መስሏል፣ ሁለት ምንቸት አመጣች። አንዷ ሜዳው፣ አንዷ ድንጋዩ። ለሰው አንዳንድ ፍሬ ታደለ፤ ለሰብለም ደረሳት። እኔ የእኔን ሜዳው ውስጥ ጣልኩ።

የድንጋዩ ምንቸት ሲገለበጥ ባቄላው ቁርበቱ ላይ ተበተነ። የሜዳው ሲገለበጥ አንዲት ፍሬ ወደቀች። የራሴ ናት።

ከአጥሩ በር አጠገብ የተቀመጠችው እትዬ አንጓች ጀመረች። «ያን አፈር በእጄ አሽቼ አይቸዋለሁ። ለእንስራ ይሆናል። ለቤት አይሆንም» አለች። ንግግሩ እየዞረ መጨረሻ አያ ሙጨ ዘንድ ደረሰ። ዓይኑ ደክሟል፤ ድምፄን ተከትሎ ነው ወደ እኔ የዞረው። ያን ሁሉ ዘመን አንቱ ሲለኝ የኖረ ሰው፣

«ያን ጊዜ እሺ ብዬህ ላሜን አጣሁ። ዛሬ እሺ ብልህ ቤትህን ታጣለህ። አይሆንም ስማቸው። አይሆንም ወንድሜ» አለኝ።

በዕድሜዬ እሺ ያለኝን ሰው ቆጥሬ አልጨርሰውም። እንደዚያ «አይሆንም» የወደደኝ ግን የለም። ሽማግሌ ነኝ ሳልል፣ ሰው ያየኛል ሳልል አለቀስኩ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሜዳው ውስጥ አንዲት ፍሬ ብቻ ከሆነች የሰብለስ? ዞር ብዬ አየኋት።

«አንቺም ድንጋዩ ውስጥ ነው የጣልሽው?»

«ያ ሜዳ ሐምሌ ሲገባ እንቁራሪት ይጮህበታል። ወደ ገበያ ስሄድ በየዓመቱ እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርግጠኛ ነበርክ» አለችኝ፤ ልክ እንደዚያን ቀን፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ቀጥላም «ደግሞስ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች።

የሰው ቤት ሁሉ እየዞርኩ ከበሩ ወገን እንጀምር ስል ነው የኖርኩት። ማታ ማታ የራሴን በር የምትከፍትልኝን ሴት ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እጇን ያዝኩና እስከ ወረታ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ለእኔ ይኼ ቀላል አይደለም።

ሰኞ ዕለት ለድንጋዩ ፈረምኩ። መሠረቱ ሊቆፈር ሲል ግንበኛው «ጋሼ፣ በሩ በየት በኩል ይሁን?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዘጋሁት። ጎንበስ ብዬ አንዲት የሣር አገዳ ነቅዬ ነከስኩና ወደ ሰብለ ዞርኩ።

ዙሪያውን አየች፣ ወዲያ ወዲህ ተራመደች፣ አሰበችበት። «በምሥራቅ በኩል» አለች።

በምሥራቅ በኩል ነው።